ብረቱን ሦስቴ ላስጣሉሽ እህቴ

ከበርሚንግሃም የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ። 24 ዓመትሽ ነው። ቀን ቀን አረጋውያን ትንከባከቢያለሽ። ከዕለታት አንድ ቀን ከቪቴው (ከብሎኑ) እስከ መደቡ፣ ክፍሎቹ እስከሚያርፉበት ሳህን ድረስ፣ በእጅ የተሠራ የእንግሊዝ ሰዓት አየሽና ልብሽ እዚያው ቀረ። ከዚያ በማታ አጭር ኮርስ ጀመርሽ። መምህሩ ትንሽ ብረት ሰጡሽና ጎኖቹን በሞረድ አስተካክዪ አሉሽ። ሦስት ጊዜ ሠራሽ፣ ሦስት ጊዜ «እንደገና» አሉሽ። እናትሽ ፋርማሲ ተማሪ ይላሉ። አጎትሽ ይስቃል። ገንዘቡም ያስጨንቅሻል። በመጨረሻ ግን የጻፍሽው ይህን ነው፦ «ጋሼ፣ እጄ ለዚህ አልተፈጠረም መሰለኝ።»

ሌላውን ሁሉ ቆይተን እናየዋለን። መጀመሪያ ይህችን ዓረፍተ ነገር ካንቺ ላይ ላንሳት።

እኔ በ17 ዓመቴ የሙያ ትምህርት ቤት ስገባ የተሰጠኝ ሞርሳ (ብረት ጨብጦ የሚይዝ መሣሪያ)፣ ሞረድና የቡጢ ያህል ብረት ነበር። ስድስቱን ጎን ማስተካከል ነው ሥራው። መምህራችን ስኳድራውን፣ ቀጥ ያለ ማዕዘን መለኪያውን፣ ብረቱ ላይ ያሳርፉና ወደ መስኮት ያነሱታል። በመሀል የክር ያህል ብርሃን ካለፈ ብረቱ ውዳቂ ውስጥ ይገባል። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ 14 ዓመት ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ ቆምኩ፤ ብዙ ልጆችም አሠለጠንኩ። እጁ ለዚህ ተፈጥሮ የመጣ ልጅ አንድም አላየሁም። ያየሁት የተጣለበትን እንደገና የሚያነሣና ትቶት የሚሄድ ነው። «ተሰጥኦ የለኝም» የሚሉኝ ደብዳቤዎች የሚያናድዱኝም ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጻፉት ሥራው ገና ሲጀመር ነው።

የወደድሽውን ሰዓት የሠራው ሮጀር ስሚዝ ራሱ ምን እንደ ደረሰበት ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1970 ቦልተን ተወለደ። በ16 ዓመቱ ማንችስተር ሰዓት ሥራ መማር ጀመረ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አንድን ሰዓት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን የሚሠራ ጆርጅ ዳንኤልስ የሚባል ሰው ነበር፤ አይል ኦፍ ማን በምትባል በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለች ደሴት ይኖር ነበር። ስሚዝ የመጀመሪያ የኪስ ሰዓቱን ሠርቶ እሱ ዘንድ ይዞ ሄደ። ዳንኤልስ አየውና አልተቀበለውም። ምክንያቱ ሰዓቱ በእጅ የተሠራ መምሰሉ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በዪ፤ መምህርሽ የሚሉሽም ይህንኑ ነውና። ብዙ ሰው በእጅ የተሠራ ነገር የእጅ ምልክት ቢታይበት ያምርበታል ብሎ ያስባል። በጥልፍና በሸክላ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። በዚህ ሙያ ግን የእጅ መንቀጥቀጥ ከታየ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። ያየሽውን ሰዓት ጀርባ አስታውሺ። ወርቅ የተቀባው መደብ እንደ ጤዛ የደበዘዘ ነው፤ ጠርዙ ግን ዙሪያውን በአንድ ስፋት በሰያፍ ተሞርዶ ያበራል። የብረት ክፍሎቹ ቲን በሚባል ለስላሳ ብረት ሰሌዳ ላይ በዱቄት ይወለወላሉ፤ ከአንድ አቅጣጫ ሲታዩ ጥቁር፣ ትንሽ ዘንበል ሲሉ እንደ መስታወት ነጭ እስኪሆኑ ድረስ። አንድ ጭረት ከቀረ ከመጀመሪያው መጀመር ነው።

ሰማያዊዎቹ ቪቴዎችም ቀለም አልተቀቡም። ብረቱ ሲሞቅ መጀመሪያ የገለባ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ያ ጥልቅ ሰማያዊ ይመጣል። ትንሽ ከዘገየሽ ግራጫ ሆኖ ያልፍሻል። የሚያሳዝነው ነገር፣ ብረቱ አስቀድሞ በደንብ ካልተወለወለ ሙቀቱ ጉድለቱን ሁሉ ያወጣዋል። ሞረድ ላይ የተበደርሽውን ሰማያዊው ላይ ትከፍዪያለሽ።

ስሚዝ ወደ ቤቱ ተመልሶ ሁለተኛውን ጀመረ። አምስት ዓመት ያህል ፈጀበት። ክፍሎቹን እየሠራ፣ እየጣለ፣ እንደገና ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1997 ይዞት ሲሄድ ዳንኤልስ እያንዳንዱን ክፍል ማን እንደ ሠራው እየጠየቀ አገላብጦ አየና አሁን ሰዓት ሠሪ ሆነሃል አለው። በዓመቱ ስሚዝ ወደ ደሴቲቱ ሄዶ አብሮት ይሠራ ጀመር። ዛሬ የራሱ ወርክሾፕ በዓመት የሚያወጣው ሰዓት 20 አይሞላም። አንቺ ሦስት ቁራጭ ጥለሽ ነው እጅሽን የምትረግሚው?

አሁን ገንዘቡ። እዚህ ላይ አላባብልሽም። ነገ ተነሥተሽ በስምሽ ሰዓት ልሠራ ብትዪ ትራቢያለሽ። ስሚዝም በእነዚያ ዓመታት የሚኖረው የሰው ሰዓት በመጠገን ነበር። ዳንኤልስም ከውትድርና ሲመለስ የጀመረው በጥገና ነው፤ ማታ ማታ ይማራል። ጥገናን እንደ ዝቅተኛ ሥራ አትይው። ዘይት እየደረቀ ሰዓትን እንደሚገድል ጠጋኝ ሁሉ ያውቃል። ዳንኤልስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የፈለሰፈው ኮአክሲያል የሚባለው ዘዴም የክፍሎቹን መፋተግ ቀንሶ ያንን የዘይት ጣጣ የሚያቃልል ነው፤ የስዊሱ ሰዓት ኩባንያ ኦሜጋ በ1999 ወስዶ ሠርቶበታል።

ስለዚህ የእኔ ምክር፦ አሁን ሥራሽን አትልቀቂ። እ.ኤ.አ. ከ1858 ጀምሮ ያለው የብሪታንያ የሰዓት ሠሪዎች ተቋም በርቀት ያስተምራል፣ ይፈትናልም። በዚያ ጀምሪ። ጎን ለጎን ታላላቅ የሰዓት ኩባንያዎች ባሏቸው የጥገና ማዕከሎች ረዳት ሆነሽ ለመግባት በር አንኳኪ። ሙያው በእንግሊዝ ሊጠፉ ከተቃረቡ የእጅ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ ሰዓቶቹ ግን አሁንም ይበላሻሉ። አምስት ዓመት ጠግኚ። የወፍራም ፀጉር ያህል የቀጠነ ዘንግ በወረንጦ ይዘሽ ሳትሰብሪ መመለስ ስትችዪ፣ የራስሽን መሥራት ያኔ እናወራለን።

አንድ ነገር ደግሞ። በየወሩ ወደ አገር ቤት የምትልኪውን ዘርዝረሽልኛል። የአያትሽን መድኃኒት አትንኪ። ለአክስትሽ ልጅ ሠርግ ቪዲዮና ለመኪና ማሟያ የምትልኪውን ግን አቁሚ። ይቀየሙሻል። ይቀየሙ። የአንድ ዓመት የሠርግ ገንዘብ ሞርሳ፣ ሞረዶችና ደኅና አጉሊ መነጽር ይገዛል።

አጎትሽ «ባለ እጅ ልትሆኚ ነው?» ብሎ ስቋል። አፄ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብን ሰው በአዋጅ ከልክለዋል። አጎትሽ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቷል፤ መልስ አትስጪው። እናትሽ ግን ሌላ ናቸው። እሳቸው የሚፈሩት ሙያውን ሳይሆን ያለ ደመወዝ መቅረትሽን ነው። በቃል አታሳምኛቸውም። የመጀመሪያውን የጥገና ደመወዝ ወረቀት አሳዪያቸው።

ዕድሜዬ አለፈ ወይ ላልሽው፣ ዳንኤልስ እ.ኤ.አ. በ1926 ተወልዶ የመጀመሪያ ሰዓቱን የጨረሰው በ1969 ነው።

አሁን ወደ አራተኛው ብረት ተመለሺ። ሞረዱን ስትገፊ ብቻ ጫኚ፣ ስትመልሺ አንሺው። ክርንሽን ከጎንሽ አታርቂ። ሲያልቅ ስኳድራ አስደግፈሽ፣ ከበስተጀርባ መብራት አድርገሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ።