ጂም ገብቼ ጠነከርኩ፣ ኳሷ ግን እዛው ናት

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። ጎልፍ መጫወት ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ዘንድሮ ርቀት ልጨምር ብዬ ጂም ገባሁ፣ በብዛት የምሠራው ቤንች ፕሬስና ባይሴፕስ (የደረትና የክንድ ስፖርት) ነው። ጉልበት በደንብ አግኝቻለሁ ግን በድራይቨር (ለረጅም ምት በሚሆነው ዱላ) ስመታ ኳሷ እዛው ናት፣ ጭራሽ አሁን አሁን ወደ ቀኝ እየተጠመዘዘች ትሄዳለች (ቀኝ እጅ ነኝ)። አንዱ ጓደኛዬ ድራይቨርህ አርጅቷል ቀይረው ይለኛል፣ ሌላው ጂሙ ነው ያደነደነህ ተው ይለኛል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ ለጊዜው የሁለቱንም አትስማ። ጂም ጎልፍ ያበላሻል የሚባለው የድሮ ወሬ ነው፣ ደቡብ አፍሪካዊው ጎልፈኛ ጋሪ ፕሌየር ክብደት ማንሳት ሲጀምር ብዙዎች ተችተውት ነበር፣ እሱ ግን በ1978 ማስተርስ የሚባለውን ትልቅ ውድድር ሲያሸንፍ 42 ዓመቱ ነበር። አሜሪካዊው ጎልፈኛ ብራይሰን ዲሻምቦም ሰውነቱን አግዝፎ መጥቶ የ2020ን ዩኤስ ኦፕን በ6 ምት ልዩነት ወሰደ፣ ግን ሰው ጡንቻውን ብቻ ነው የሚያወራው እንጂ ስዊንጉ (የአመታት እንቅስቃሴው) ላይና ዱላዎቹ ላይ የሠራውን አያነሳም፣ አይረኖቹ (የብረት ጭንቅላት ያላቸው ዱላዎች) እንኳን ያኔ ሁሉም እኩል ርዝመት ነበሩ።

ያንተ ችግር የሚመስለኝ ጉልበቱ የጨመረው ቀድሞ መንቀሳቀስ የሌለበት ቦታ ላይ መሆኑ ነው። ዱላው ከላይ ወርዶ ኳሷ ጋ እስኪደርስ ሩብ ሰከንድ አካባቢ ነው የሚፈጀው፣ በዛች ጊዜ መጀመሪያ ዳሌ ይዞራል፣ ከዛ ደረት፣ ከዛ ክንድ፣ ዱላው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ እያንዳንዱ ፍጥነቱን ለቀጣዩ ሰጥቶ ራሱ ቀስ ይላል። ደረትና ክንድ ብቻ ያጠነከረ ሰው ግን ከላይ ሲነሳ በትከሻው ነው የሚጀምረው፣ ዱላው ከውጪ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፣ ፊቱ (ኳሷን የሚነካው ገጽ) ደግሞ ከሚሄድበት መስመር አንፃር ክፍት ሆኖ፣ ማለትም ወደ ቀኝ ዞሮ ይደርሳል፣ ኳሷ ወደ ቀኝ የምትጠመዘዘው ለዛ ነው። ይሄ ስላይስ ነው እንጂ የድራይቨር እርጅና አይደለም፣ አዲስ ብትገዛ ያንኑ ስላይስ በአዲስ ዱላ ነው የምትመታው።

መጀመሪያ አንድ ነገር አድርግልኝ። የእግር ፓውደር ስፕሬይ የድራይቨሩ ፊት ላይ ስስ አድርገህ ንፋና ጥቂት ኳስ ምታ፣ ኳሷ ያረፈችበት ቦታ ክብ ሆኖ ይታይሃል። ምልክቶቹ መሀል ላይ ካልተሰበሰቡና ወደ ጫፍ ወይ ወደ እጀታው በኩል ከተበተኑ ርቀትህ የጠፋው እዛ ነው። ቁጥሩን እንየው፣ ዱላህ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ቢፈጥንና መሀል ብትመታ ኳሷ በሰዓት እስከ 240 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ትወጣለች (1.5 እጥፍ ማለት ነው)፣ ከመሀል ወጥተህ 1.4 ብቻ ካገኘህ 224 ነች። ያንን ልዩነት በጉልበት ልሙላው ብትል ዱላህን 171 ማድረስ አለብህ፣ ይሄ ደግሞ ብዙ ልፋት ነው፣ መሀሉን ማግኘት ይቀላል።

ጂም ውስጥ ቤንች ፕሬሱን ቀንሰህ ስኳትና ዴድሊፍት (የእግርና የዳሌ ስፖርት) አስገባ፣ ክብደቱ ከበድ ያለ ድግግሞሹ ያነሰ ይሁን፣ ግን ጉልበት ብቻውን ፍጥነት አይሆንም፣ በፍጥነት መንቀሳቀስንም ማለማመድ አለብህ። እኔ በጣም የምወደው ሜዲሲን ቦል (ከበድ ያለ የመወርወሪያ ኳስ) ነው፣ ለግድግዳ ጎንህን ሰጥተህ ትቆምና ከዳሌህ ጀምረህ በሙሉ ኃይል ትወረውራለህ፣ በሁለቱም ጎን። ክንድህ ከቀደመ ኳሱ ወዲያው ልፍስፍስ ብሎ ይሄዳል ስለዚህ ማንም ሳይነግርህ ታውቀዋለህ። የላይኛው ጀርባህን መዞር የሚያፍታታ ስትሬችም አትርሳ፣ ደረት ብቻ የሠራ ሰው እዛ ጋ ነው የሚደርቀው።

ዕቃን በተመለከተ፣ የድራይቨር ጭንቅላት ከ460 ሲሲ እንዳይበልጥ በሕግ ተገድቧል፣ ፊቱ ኳሷን የሚያስፈነጥርበትም ልክ አለው፣ ስለዚህ መሀል ለመታ ሰው የዚህ ዓመቱና የጥቂት ዓመት በፊቱ ያን ያህል አይራራቁም፣ አዲሶቹ የሚሻሉት ከመሀል ሲወጡ ነው። ሻፍቱ (የዱላው ዘንግ) ግን ሌላ ነገር ነው፣ ፍጥነትህ በእውነት ከጨመረ የድሮው ሊለሰልስብህ ይችላል፣ ያኔ ፊቲንግ (ዱላን በልክህ ማስመረጥ) አስደርግ፣ ስዊንግህ ሳይረጋ ግን አትለካ ምክንያቱም ነገ ለሚጠፋ ስዊንግ ነው ዱላ የሚመረጥልህ። ግሪፑን (የዱላውን መያዣ) ደግሞ ዛሬውኑ እየው፣ ካለቀና ከተንሸራተተ ሳታውቀው ጨብጠህ ትይዘዋለህ፣ ክንድህ ይገተራል፣ ፍጥነቱም እዛው ይሞታል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ከ60 በላይ ነው፣ ኳሴ በየዓመቱ እያጠረች ነው። ክብደት ማንሳት ለኔ ቢጤ ሴት ይሆናል ወይ? ዱላስ ልቀይር?

መልስ፦ ይሆናል እናቴ፣ እንዲያውም ከወጣቱ ይልቅ እርስዎን ነው የሚጠቅመው፣ በዕድሜ መጀመሪያ የሚሄደው ፈጣኑ ጉልበት ነውና። የልብ፣ የደም ግፊት ወይ የአጥንት ችግር ካለብዎ መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ፣ ከዛ ቀለል ያለ ክብደት ይዘው ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ በላስቲክ ወገብ ማዞር፣ በአንድ እግር መቆም ይበቃል፣ እየቻሉ ሲሄዱ ይጨምሩበታል። ዱላውን ግን ለእርስዎ ቀይሩ ነው የምለው፣ ቀለል ያለና የሚተጣጠፍ ሻፍት፣ ድራይቨሩም ሎፍቱ (የፊቱ ወደ ኋላ ማዘንበል) ከፍ ያለ ይሁን፣ ቀስ ብሎ የሚመታ ሰው ኳሱ ከፍ ካላለለት አየር ላይ አይቆይለትም። ረጃጅሞቹን አይረኖች በሃይብሪድ (የአይረንና የእንጨት ዱላ ቅልቅል በሆነው) ይተኳቸው።