የጎርጎራዋን ደብረ ሲና ማርያም ማን አሠራት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎት ከአዘዞ ነው። በቀደም አያቴን ይዤ ጎርጎራ ሄደን ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልመን መጣን። ስንመለስ መኪና ውስጥ ክርክር ተነሣ። አያቴ «ያሠሯት አፄ ፋሲል ናቸው» አሉ። ሾፌሩ ደግሞ «ኧረ ፖርቹጋሎች ናቸው» ብሎ ድርቅ አለ። ማንኛቸው ናቸው ልክ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ደህና ነኝ። ሁለቱም አላገኙትም። ለአያትሽ ግን ግማሽ ነጥብ እሰጣለሁ።

ደብረ ሲና የተመሠረተችው በአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ነው። እሳቸው የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1314 እስከ 1344 ነው። ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636። ከከተማችን ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ትቀድማለች ማለት ነው። እኛ ጎንደሬዎች ያረጀ ነገር ስናይ «የፋሲል ነው» ማለት ይቀናናል። ድልድይ ካየን ፋሲል፣ ግንብ ካየን ፋሲል!

አያትሽ ግን ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። የመቅደሱን ግድግዳ የሞላውን ሥዕል አይታችሁት የለ? ያንን ያሣሉት የፋሲል እህት መለኮታዊት ናቸው። ሥዕሉ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እያደር በሰው አፍ ያሣለው ሁሉ ያሠራው ይሆናል። በነገራችን ላይ፣ የድሮ ሥዕል ስታዪ ዓይን ዓይኑን ተመልከቺ። ጻድቃኑ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ያዩሻል። ክፉዎቹ በጎን ስለሚሣሉ አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው።

ሾፌሩ ያምታታው ከማርያም ግንብ ጋር ነው። እሱ ከከተማዋ ራቅ ብሎ፣ አሮጌው ጎርጎራ ጣና ሐይቅ ዳር ያለው ፍርስራሽ ነው። በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በድንጋይና በኖራ ያቆሙት። ስማቸው የገነነው ፔድሮ ፓኤዝ ደግሞ እስፔናዊ እንጂ ፖርቹጋላዊ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1622 እዚያው ጎርጎራ አረፉ። በ1632 ፋሲል ሲነግሡ ያገሩ ሃይማኖት ተመለሰ፤ ሚሲዮናውያኑም ብዙም ሳይቆዩ ተባረሩ። ደብረ ሲና ግን ክብ ናት፣ ክዳኗም ሣር። በመልክ አይገናኙም። ሁለቱም ጎርጎራ፣ ሁለቱም ማርያም መባላቸው ነው ሰው የሚያሳስተው።

ሌላ ጊዜ ስትሄዱ ወር በገባ በ21 አድርጉት። የማርያም ቀን ስለሆነ ካህናቱን አታጧቸውም፤ ታሪኩን ከነሱ አፍ ትሰማላችሁ። ብቻ በጧት ተነሡ።