መልስ፦ «ዳኛው በሥልጣን ይቆዩ?» ለሚለው ጥያቄ

ወንድሜ፣ በአሜሪካዋ ግዛት በኮሎራዶ ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ተፎካካሪ የሌላቸው ዳኞች ተደርድረው «ይቆዩ ወይስ አይቆዩ» ሲል ግራ መጋባትህ አይገርምም። ግን እባክህ ባዶውን አትለፈው።

እዚያ ዳኞች በፓርቲ ፉክክር አይመረጡም፤ ይህን ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ1966 ወስኗል። አጣሪ ኮሚሽን ሁለት ወይም ሦስት እጩ ያቀርባል፣ አገረ ገዢው በ15 ቀን ውስጥ አንዱን ይሾማል (የዴንቨር ካውንቲ ዳኞችን ግን ከንቲባው ነው)። ተሿሚው ሁለት ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ «ይቆይ ወይስ አይቆይ» ለሚለው ድምፅ ሕዝብ ፊት ይቀርባል። ከዚያ የዲስትሪክት ዳኛ በየ6 ዓመቱ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በየ10 ዓመቱ። 72 ዓመት ሲሞላቸው ጡረታ ግዴታ ነው።

ዋናው ነገር ግምገማው ነው። ጠበቆችና ጠበቃ ያልሆኑ ነዋሪዎች ያሉበት ሌላ ኮሚሽን የዳኛውን ውሳኔዎች ያነባል፣ ችሎት ገብቶ ይታዘባል፣ ጠበቆችንና የጁሪ አባላትን (በችሎት ፍርድ ለመስጠት ከሕዝብ የሚመረጡ ዜጎችን) በመጠይቅ ይጠይቃል፣ ዳኛውንም ያነጋግራል። ከዚያ «መስፈርቱን ያሟላል» ወይም «አያሟላም» ይላል። ይህ ከምርጫው በፊት በፖስታ በሚላክልህ «ሰማያዊ መጽሐፍ» (የግዛቱ የመራጮች መረጃ መጽሐፍ) ውስጥ አለ። እኔ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ማብራሪያውን አነባለሁ፤ ዳኛው ተከራካሪን በአክብሮት ማስተናገዱና ውሳኔ ማዘግየቱ የሚታየው እዚያ ነው።

ለሥነ ምግባር ጥፋት ደግሞ የዲሲፕሊን ኮሚሽን አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 በጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ደግሞ መደበኛ ክሶችን ዳኛ፣ ጠበቃና ተራ ዜጋ አብረው የሚሰየሙበት ገለልተኛ ቦርድ ይሰማል። ፍርዱ ተሳስቷል ካልክ ግን መንገዱ ይግባኝ ነው፤ የዲሲፕሊን ኮሚሽኑ ፍርድ አይሽርም።