ስብሰባው 11 ሰዓት ነበር፤ ማን አንቀሳቀሰው?

አንዲት አንባቢ ከአዲስ አበባ የጻፈችልኝ ችግር ይሄ ነው። ሜሪላንድ ላለ ድርጅት ከቤቷ ሆና ሒሳብ ትሠራለች። ሰኞ ሰኞ፣ በነሱ ጠዋት 9 ሰዓት ላይ የኦንላይን ስብሰባ አለባት። በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት መሆኑን ኅዳር ላይ አስልታ ስልኳ ላይ አላርም ሞላች። ክረምቱን ሳይሆን በጋውን ሙሉ አንድም ቀን አላረፈደችም። የካቲት 30 ሰኞ ግን 11 ሰዓት ላይ ስትገባ ስብሰባው ተበትኗል። "እኔ ምን አጠፋሁ? እዚህ ምንም የተቀየረ ነገር የለም" ትላለች።

ሁለተኛም ጥያቄ አላት። ሎስ አንጀለስ ያለ ሌላ ቀጣሪ ለሚያዝያ ኢንተርቪው ቀጥሯታል፦ "ማክሰኞ፣ በእኛ ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት።" በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት እንደሚሆን ደርሳበታለች። የየትኛው ቀን ሌሊት እንደሆነ ነው ግራ የገባት።

እህቴ፣ ሥራዬ የፈረቃ ሰሌዳ ማውጣት ነው። አዲስ አበባ ተቀምጠው የአሜሪካ ደንበኛ ስልክ የሚያነሱ ልጆች መቼ ይግቡ፣ መቼ ይውጡ የሚለውን ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል። አንቺ ያጋጠመሽ ነገር በየዓመቱ የካቲት መጨረሻ ላይ አንድ ሁለት አዲስ ልጆች ሳይበላ አያልፍም።

ምንም አላጠፋሽም። እዚህ ምንም አልተቀየረም ያልሽውም ልክ ነው። የተንቀሳቀሰችው ሜሪላንድ ናት፤ ሰዓቷ የዋሽንግተን ሰዓት ነው።

አሜሪካኖች በማርች ወር ሁለተኛ እሁድ፣ በነሱ ሌሊት 2 ሰዓት ሲሆን፣ ሰዓታቸውን ወደ 3 ይገፉታል። በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ደግሞ መልሰው ወደ ኋላ ይጎትቱታል። ዘንድሮ፣ በ2018፣ የገፉት የካቲት 29 ነው። ምሥራቁ ጠርዝ ላይ ሰዓቱ የሚዘለው በእኛ እሁድ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነው። አዲስ አበባ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ፣ ዋሽንግተን ላይ አንድ ሰዓት ትጠፋለች። በማግስቱ ያንቺ የ11 ሰዓት ስብሰባ የ10 ሰዓት ሆነ።

እኛ ለምን አንቀይርም ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ አያስፈልገንም። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በርሊን ላይ ግን ሰኔ ላይ ብርሃኑ ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል፣ ታኅሣሥ ላይ 8 እንኳ አይሞላም። ለነሱ ነገሩ ትርጉም አለው።

ስለዚህ ቀጠሮ ሲሰጥሽ መጀመሪያ የምትጠይቂው "ስንት ሰዓት?" ሳይሆን "የማን ሰዓት?" ነው። ስብሰባው የሜሪላንድ ከሆነ እነሱ ጋ ዓመቱን ሙሉ 9 ሰዓት ላይ ተተክሎ ይኖራል። በዓመት ሁለቴ የሚንከራተተው አንቺ ጋ ያለው ቁጥር ነው። ያንቺ አላርም ግን የተተከለው አዲስ አበባ ላይ ነው። ችግሩ እዚያ ጋ ነው ያለው።

አሁን ወደ ስሌቱ። ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚያሰላው። መጀመሪያ የዋሽንግተንን ሰዓት ወደ አዲስ አበባ የፈረንጅ ሰዓት፣ ከዚያ የፈረንጁን ወደ ሀበሻ። የሚሳሳተውም ሁለተኛው ላይ ነው፤ ስድስቷን ወይ ይረሳታል፣ ወይ ሁለቴ ይቀንሳታል። እኔ ሰሌዳ ሳወጣ በቀጥታ ነው የምሄደው። የእኛ ቁጥር ከፈረንጁ በስድስት ያንሳል አይደል? አሜሪካኖች ሰዓት ከገፉ በኋላ ደግሞ ዋሽንግተን ከእኛ በሰባት ወደ ኋላ ናት። ሰባት ሲቀነስ ስድስት፣ አንድ። በቃ፣ በነሱ ቁጥር ላይ አንድ ጨምሪ። በነሱ 9 ከሆነ በእኛ 10 ነው። ከኖቬምበር እስከ ማርች ግን ሁለት ትጨምሪያለሽ፤ 9 ሲደመር 2፣ 11። የኅዳሩ ስሌትሽ ልክ የነበረው ለዚህ ነው።

ይሄ ለዋሽንግተን፣ ለኒውዮርክ፣ ለአትላንታ ነው። ወደ ምዕራብ በሄድሽ ቁጥር አንድ አንድ ይጨምራል። ዳላስ፣ ቺካጎና ሚኒያፖሊስ ሁለት፣ ዴንቨር ሦስት፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሲያትልና ላስ ቬጋስ አራት። ሰዓቱን መልሰው ሲጎትቱት ሁሉም ላይ አንድ ትደርቢያለሽ። ፊኒክስ ብቻ አኩራፊ ናት፤ አሪዞና አብዛኛው ክፍሏ ሰዓት ስለማይቀይር ዓመቱን ሙሉ አራት ነው። ድምሩ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሺለት። ሎስ አንጀለስ ጠዋት 10 ሰዓት፣ 14 መጣ፣ 12 ሲቀነስ 2፤ ማታ 2 ሰዓት ነው።

ቀን ነው ወይስ ሌሊት የሚለውን ቁጥሩ አይነግርሽም። እሱን በዓይነ ኅሊናሽ ያዢው። እኛ ምሳ በልተን ስንጨርስ ዋሽንግተን ቡና ያፈላል። እኛ እኩለ ሌሊት ላይ ስንሆን እነሱ ከቢሮ ይወጣሉ። እኛ ጋ ሊነጋ ሲል እነሱ ሊተኙ ነው።

እኔም ሳልቀጣ አልተማርኩትም። ጀማሪ ሆኜ አንድን ደንበኛ በእኛ 11 ሰዓት ላይ ደወልኩለት። ወሩ ጥር ነበር። በምሥራቁ አስልቼ "9 ሰዓት ነው፣ ቢሮ ገብቷል" ብዬ ነው። ሰውዬው ሎስ አንጀለስ ነው ለካ። ከጠዋቱ 6 ሰዓት ላይ አልጋው ውስጥ አገኘሁት። አልተቆጣም። ዝም ብሎ ከተማውን በፊደል በፊደል ነገረኝና ዘጋው።

ወደ ኢንተርቪውሽ እንምጣ። ሎስ አንጀለስ 5፣ ሲደመር 4፣ 9። ሌሊት 9 ሰዓት ያልሽው ልክ ነው። ቀኑስ? አሜሪካ ከእኛ ወደ ኋላ ትቀራለች እንጂ አትቀድመንም። ያ የሌሊት 9 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ ረቡዕ ነው፤ እዚያ ገና ማክሰኞ። እዚህ ላይ ነው አማርኛችን እንግሊዝኛውን የሚበልጠው። "ማክሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት" ካልሽ አንዱ ሰኞ አምሽቶ ይጠብቅሻል፣ ሌላው ማክሰኞ። "ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 9 ሰዓት" ካልሽ ግን የሚሳሳት የለም። ማክሰኞ እራትሽን በልተሽ፣ ትንሽ ሸለብ አድርገሽ፣ ለረቡዕ አጥቢያ ትነሺያለሽ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለ ቀጠሮ ሁሉ "አጥቢያ" ሳይባል ከእጄ አይወጣም። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። ቲኬት ላይ 00:30 የሚል ካየሽ፣ በዚያ ቀን ማታ ሳይሆን በዋዜማው ማታ ነው ሻንጣ የሚያዘው።

ደብዳቤሽ ጫፍ ላይ እንደ ቀልድ የጣልሻት ነገር አለች፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የያዝኳት እሷን ነው። አለቃሽ ሀበሻ ነው፣ አሜሪካ ሃያ ዓመት ኖሯል። በቀደም "ነገ 8 ሰዓት ላይ ደውዪልኝ" ብሎ በአማርኛ ጻፈልሽ። አንቺ በእኛ 8 ሰዓት ደወልሽ፣ ቅር ብሎት አነሳው። እሱ ያለው በራሱ ጠዋት 8 ሰዓት ነው። ያንቺ 8 እሱ ጋ 7 ስለሆነች አንድ ሰዓት ቀድመሽ ነው የደወልሽው። የዳያስፖራ "8 ሰዓት" ከባድ ናት። አንዳንዱ ሃያ ዓመት ኖሮም በሀበሻ ያስባል፣ አንዳንዱ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ፈረንጅ ይሆናል። መገመት አይቻልም፤ መጠየቅ ነው። "ባንተ ጠዋት ነው ጋሼ?" ማለት ነውር የለውም።

ከሰዓቱ ጎን የሚጽፏቸውን ፊደሎችም እንዳሉ አትቀበዪ። ብዙ አሜሪካኖች ሰዓት ከገፉ በኋላም ከልምድ ብዛት "ኢ ኤስ ቲ" (EST) ብለው ይጽፋሉ። እሱ በነሱ ክረምት፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች፣ ያለው የምሥራቁ ሰዓት ስም ነው፤ ቃል በቃል ከወሰድሽው አንድ ሰዓት ያሳስትሻል። "አይ ኤስ ቲ" (IST) ደግሞ ለእስራኤልም ለሕንድም ይሠራል። የከተማ ስም ጠይቂ። ከተማ አይዋሽም።

ስብሰባው ላይ ጀርመን ያለ ባልደረባ እንዳለም ጽፈሻል። አውሮፓ ሰዓት የሚቀይረው በማርች የመጨረሻ እሁድ ነው፤ ዘንድሮ መጋቢት 20። ከየካቲት 29 እስከዚያ ድረስ ሦስት ሳምንት ሙሉ አሜሪካ ተቀይራ ጀርመን አልተቀየረችም። እሱም እንዳንቺ አንድ ሰዓት አርፍዶ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ጠይቂውና አብራችሁ ሳቁ። እስራኤል ከአውሮፓ ሁለት ቀን ቀድማ ዓርብ ትቀይራለች። ከተቀየረች በኋላ ከእኛ ጋር እኩል ናት፣ በክረምቷ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ። ዓረብ አገር ያሉት አያስቸግሩም። ሳዑዲ፣ ኩዌት፣ ኳታርና ባህሬን እንደ እኛው ናቸው፣ ዱባይ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ትቀድማለች።

አሁን ስልክሽን ክፈቺ። ያንን የሰኞ አላርም አጥፊው። አለቃሽ የስብሰባ ግብዣ በኢሜይል ሲልክልሽ ተቀበዪው፤ ሰዓቱን አንብበሽ በእጅሽ አትጻፊው። ግብዣው የሜሪላንድን ሰዓት ይዞ ስለሚመጣ እነሱ ሲቀይሩ ካላንደርሽ ላይ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ላፕቶፕሽ ዊንዶውስ ከሆነ አዲስ አበባን ዝርዝሩ ውስጥ ላታገኚ ትችያለሽ፤ ናይሮቢ የሚለውን ምረጪ፣ ያው የእኛው ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሀበሻ ሰዓት እንዲያሳይሽ ብለሽ የስልክሽን ሰዓት በእጅ ስድስት ወደ ኋላ አትመልሺው። ብዙ ስልክ ላይ አይቻለሁ። ስልኩ ከቀኑ 8 ሰዓትን ከጠዋቱ 8 ነው ብሎ ያምናል፣ ማስታወሻውም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይጮኻል። የግድ ካስፈለገሽ የሀበሻ ሰዓት የሚያሳይ መተግበሪያ አለ፤ ስልኩን ራሱን ተዪው።

አንቺም ቀጠሮ ስትሰጪ እንዲህ ጻፊው፦ "ሰኞ መጋቢት 7፣ በፈረንጅ ማርች 16። አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በፈረንጅ 16:00። ዋሽንግተን ጠዋት 9:00።" ረዘመ አትበዪ። 16:00ን ማንም በሀበሻ አያነብም። 9:00 ብቻዋን ግን በእኛ ከሰዓትም፣ ሌሊትም፣ በነሱ ጠዋትም ትሆናለች።

የመመለሻውንም ቀን አሁኑኑ ያዢው። በ2019 ጀርመን ጥቅምት 15፣ አሜሪካ ጥቅምት 22 እሁድ ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ጥቅምት 23 ሰኞ ስብሰባሽ 11 ሰዓት ላይ ነው።