ከፈረስ ጋር መዋል እውነት ያሳርፋል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። «ሥራ በሌለኝ ቀን እንኳ ቁጭ ስል ጥፋት የሠራሁ ይመስለኛል፣ ራሴን ስወቅስ ነው የምውለው። ከፈረስ ጋር መዋል ያረጋጋል አሉኝ፣ እውነት ነው ወይስ የፈረንጅ ቅብጠት?» ነው ያልሽው። እኔን ረድቶኛል። ግን ፈረስ ላይ ወጥቼ ስለጋለብኩ አይደለም። እንዲያውም ብዙውን ጊዜ አልተቀመጥኩበትም።

የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው፣ ሂሳብ ክፍል። ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ ምን እንደሚመስል የገባበት ያውቀዋል። አንድ ዓመት ላይ በጀቱ ተዘግቶም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የዓመት ፈቃድ ወጥቼ ቤት ስውል ደግሞ ባሰብኝ፤ ልብስ አጥባለሁ፣ ቁም ሳጥን አራግፋለሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ የቢሮ ስልክ አነሳለሁ፣ ማታ ላይ ደግሞ «ዛሬ ምን ሠራሽ?» ብዬ ራሴን እፋጠጣለሁ። እናቴ ሰልችቷት ወደ አጎቴ ላከችኝ፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ በኩል።

አጎቴ ቤት አንድ ዳማ ፈረስ ነበር። ስደርስ ጀርባው ገጥቦ ነበር። ኮርቻው በልቶት ቆዳው ተልጧል። አጎቴ በጨው ውኃ አጠበለት፣ ኮርቻውን ሰቀለ፣ ፈረሱን መስክ ላይ ለቀቀው። በቃ። እህል ወደ ወፍጮ የሚሄደው በሰው ጀርባና በጎረቤት አህያ ሆነ። «ታዲያ ሥራው አይበደልም?» ብዬ ጠየቅሁት። «እንዲህ ሆኖ ከጫንኩት ለከርሞ ፈረስ የለኝም» አለኝ። ይህችን ነገር ብዙ አሰብኳት። እዚያ ቤት ማንም ፈረሱን ሰነፍ አላለውም። እንደዳነ ቶሎ ይጫን ብሎም የቸኮለ የለም፤ ቆዳው ደርቆ ጠጉር እስኪያበቅል ድረስ ጠበቁት። እኔ ግን ራሴ ላይ ገጣባ ሲወጣ ሌላ ጭነት ነበር የምጨምርበት።

ጠዋት ጠዋት እሱን መቦረሽ ሥራዬ ሆነ። መጀመሪያ እንደ ቢሮው ሥራ ቶሎ ለመጨረስ እሮጥ ነበር። ፈረሱ ጆሮውን ወደኋላ ይጥላል፣ ይሸሻል። አጎቴ ከሩቅ ሆኖ «አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ተንፍሺ» ይለኛል። ፈረስ እኮ ሲፈጠር የሚታደን እንስሳ ነው። አጠገቡ ያለው ሰው ከተጨነቀ አንድ አደጋ ያለ ነው የሚመስለው። ቀስ ብዬ ትንፋሼን ሳወጣ፣ ትከሻዬ ሲላላ፣ እሱም አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፣ አንድ የኋላ እግሩን ያሳርፋል፣ በአፍንጫው ፉርር ይላል። ላስመስል ብል አይሆንም። ሰው ፊት «ደህና ነኝ» ማለት ይቻላል፣ እሱ ፊት ግን አይሠራም።

ሌላው የገረመኝ እንቅልፉ ነው። ፈረስ ቀኑን ሙሉ ቢደመር 3 ሰዓት ገደማ ነው የሚተኛው፣ አብዛኛውንም ቆሞ። የእግሩ ጅማት ጉልበቱን ይቆልፍለታል፣ አይወድቅም። ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ ግን ቆሞ አይሆንለትም፣ መጋደም አለበት። የሚጋደመው ደግሞ ስጋት ከሌለው ብቻ ነው፤ ብዙ ሆነው መስክ ላይ ሲሆኑ ሌሎቹ ሲጋደሙ አንዱ ቆሞ ይጠብቃል። ጅብ ባለበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም። አንቺም አልጋ ላይ ተጋድመሽ አእምሮሽ ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ ስንፍና አይደለም፣ ጉብዝናም አይደለም። ገና ስጋቱ አልወጣልሽም ማለት ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ «ለምን አልተኛሁም» ብዬ ራሴን መቆጣቱን ተውኩት። እንቅልፉም ቀስ እያለ መጣ፣ በአንድ ሌሊት አይደለም ታዲያ።

የበዓሉንም ነገር ልጨምርልሽ። አጎቴ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም አያርስም፣ ጭነትም አይጭንም (ቤተ ክርስቲያን ለመሳም በፈረስ ካልሄደ በቀር፣ እሱ አይቆጠርም ባይ ነው)። የሚያርፈው ብዙ ሥራ ስለጨረሰ አይደለም፣ ቀኑ ስለደረሰ ብቻ ነው። እኛ ቢሮ የምንውለው «ይህን ከጨረስኩ አርፋለሁ» እንላለን፣ ያ ነገር ግን አያልቅም። አሁን እኔም እሑድን ሪፖርት ቢከመርም ባይከመርም አርፋለሁ። አለቃዬ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፣ ለመደው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ፈረስ ሐኪም አይደለም። እንቅልፍ ካጣሽ ሳምንታት ካለፉ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ መኖር ራሱ ከከበደሽ መጀመሪያ ሐኪም እዪ፣ ፈረሱ ይደርሳል። ከተማ ውስጥ ጋሪ የሚጎትቱት ፈረሶች ዘንድም አትሂጂ፣ እነሱ ራሳቸው እረፍት ያጡ ናቸው።

ገጠር ዘመድ ካለሽ ግን የመንገዱን ሁኔታ ጠይቂና ሂጂ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሩቅ አይደለም። ፈረሱን ከኋላ አትቅረቢው፣ በትከሻው በኩል ሆነሽ እያወራሽው ጠጋ በይ። ለቤቱ ቡናና ስኳር፣ ለፈረሱ ትንሽ ጨው ያዢ። ገብስ ግን ባለቤቱን ሳትጠይቂ አትስጪው፤ ፈረስ ማስታወክ አይችልም፣ ከበዛበት ሆዱ ተነፍቶ ሊሞት ይችላል። ጃኬትም አትርሺ፣ ኅዳር ላይ የእኛ አገር ውርጭ አይጣል ነው።