ስክሪፕቱን ከመንካትህ በፊት ፎቶዎቹ የጠፉበትን መስመር እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአጭሩ ያልከው ይህን ነው፦ ሰሜን ሸዋ፣ ባሶና ወራና ወረዳ ውስጥ እርከን የተሠራበትን አንድ ተፋሰስ ካርታ ለማውጣት ባለ ክንፍ ድሮን ላይ ካኖን ፓወርሾት ኤስ100 አስረሃል። ካሜራው ላይ ሲኤችዲኬ (ለካኖን ካሜራዎች ተጨማሪ ሥራ የሚሰጥ፣ ከካርዱ የሚነሳ ነፃ ሶፍትዌር) ጭነህ በሉዋ ቋንቋ የተጻፈ ስክሪፕት ታስኬዳለህ። ድሮኑን የሚያበረው ሰሌዳ፣ ፒክስሆኩ፣ በየ25 ሜትሩ በዩኤስቢ ገመድ «አንሳ» የሚል ምልክት ይልካል። ሎጉ (የበረራው መዝገብ) ላይ 412 ምልክት ተመዝግቧል፣ ካርዱ ላይ ያለው ፎቶ ግን 306 ነው። መሬት ላይ ስትሞክረው አንድም አይስትም፣ ሰማይ ላይ ሲወጣ ይዘላል። ካርታውም ከኮረብታው በኩል ተበጣጥሷል። ስክሪፕቱን ሦስቴ ቀያይረህ ለውጥ አላመጣም።

ስክሪፕቱን ተወው፣ ምንም አላደረገህም። ይህን የማውቀው እኔም ሦስት ሌሊት አቃጥዬበት ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እይ። ከ412ቱ 106 ጎደለ፣ ሩብ ያህል። ሩብ ማለት የግማሽ ግማሽ ነው። ድሮንህ ተፋሰሱን የሚሸፍነው በሬ እንደሚያርሰው ነው፤ ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። ከመስመሮቹ ግማሹን የሚበረው ነፋሱን እየገፋ ነው፣ ግማሹን ነፋሱ እየገፋው። ነፋሱን በሚከተልባቸው መስመሮች ላይ ካሜራው ከሁለት ምልክት አንዱን ብቻ ቢያነሳ የሚጎድልብህ ይኸው ሩብ ነው።

ይህ እስካሁን ግምት ነው፤ ማረጋገጫው ግን ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ፎቶዎቹ የተነሱበትን ሰዓት በተርታ አውጣ። ድሮኑ ሲዞር ረጅም ክፍተት ስለሚኖር መስመር ከመስመር በቀላሉ ይለያል። ከዚያ በየመስመሩ ስንት ፎቶ እንዳለ ቁጠር። አደራህን፣ በሁለት ፎቶ መካከል ያለውን ሰከንድ ብቻ አይተህ እንዳታልፍ፤ እኔን ያሳሳተኝ እሱ ነው። ሲሄድም ሲመለስም ክፍተቱ ሁለት ሰከንድ ከምናምን ሆኖ ሳየው «ካሜራው ደህና ነው» ብዬ ወደ ስክሪፕቱ ዞርኩ። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምርና ከሁለት ምልክት አንዱ ሲዘለል፣ ሰዓቱ ላይ ምንም ልዩነት አይታይም። ልዩነቱ የሚታየው ቆጠራው ላይ ነው፤ 500 ሜትር መስመር ሲሄድ 20 ፎቶ፣ ሲመለስ 10 ወይም 11።

የኔው ነገር የሆነው በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አንኮበር ነው፣ ወደ ቆላው ከሚያየው ገደል አፋፍ ላይ። ማታ ማታ ስክሪፕት እቀይራለሁ፣ ጠዋት ደህና ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ ያው ይዘላል። የምንነሳው ከአንድ አውድማ ዳር ነበር። ባለቤቱ ላይዳቸውን ተደግፈው ነፋስ ይጠብቃሉ፤ ነፋሱ ሲነሳ እህሉን ወደ ላይ እየበተኑ ገለባውን ለነፋሱ ይሰጣሉ። በሦስተኛው ቀን ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሬ ስቀር ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ ያች ነገራችሁ ስትሄድ ታዘግማለች፣ ስትመለስ ግን እንደተፈታ ጥጃ ነው የምትሮጠው። ምን አስደንግጧት ነው?» አሉኝ። ሎጉን ከፍቼ የመሬት ፍጥነቱን አየሁት። ሲሄድ በሰከንድ 10 ሜትር፣ ሲመለስ 22። ሦስት ሌሊት ያንን አንድ መስመር ሳላየው!

እኛ አገር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል፣ ከፍታው። ባሕር ወለል አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች የጻፉት መመሪያ ይህን አይነግርህም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አየሩ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። ድሮንህ የአየር ፍጥነት ሴንሰር ካለው፣ «14 ሜትር በሰከንድ ብረር» ስትለው ሴንሰሩ የሚለካው የአየሩን ግፊት ስለሆነ በሳሳ አየር 14 ለማንበብ 16 ግድም መብረር አለበት። ክንፉም የሚሸከመው በዚያ ፍጥነት ነው፣ ስለዚህ ጥፋት አይደለም። ግን ሚሽን ፕላነር (በረራውን የምታቅድበት ሶፍትዌር) ላይ ያሰላኸው በ14 ነው። በላዩ ላይ 6 ሜትር የጀርባ ነፋስ ሲጨመር 22 ሆነ። በየ25 ሜትሩ ማለት እንግዲህ በየ1.1 ሰከንዱ ማለት ነው። ነፋሱን ሲገፋ ደግሞ 10 ስለሚሆን በየ2.5 ሰከንዱ። ካሜራህ አንድ ፎቶ አንስቶ፣ ካርዱ ላይ ጽፎ፣ ለቀጣዩ እስኪዘጋጅ 2 ሰከንድ የሚፈልግ ከሆነ፣ መካከል ላይ የመጣውን ምልክት አይሰማውም። አይመዘግበውም፣ አያስጠነቅቅህም፣ ዝም ነው።

«መሬት ላይ አይስትም» ላልከው፦ ምልክቱን በየስንት ሰከንዱ ነበር የላክህለት? በእጅህ እየነካካህ ከሆነ በየሦስት ሰከንዱ ነው፣ ለዚያማ ማንም ካሜራ ይደርሳል። እንዲህ ሞክረው፦ ላፕቶፕህ ላይ ትልቅ የሩጫ ሰዓት ክፈት፣ ካሜራውን ከስክሪኑ ሁለት ሜትር ያህል አርቀህ አስቀምጥ። ከፒክስሆኩ 20 ምልክት በየ2.5 ሰከንዱ ላክ፣ ቀጥሎ 20 በየ2፣ ቀጥሎ 20 በየ1.5። ከዚያ ፎቶዎቹን ከፍተህ በእያንዳንዱ ላይ የሚታየውን ሰዓት በወረቀት ጻፍ። የኔው በ2.5 ሃያውንም አነሳ፣ በ2 አሥራ ዘጠኝ፣ በ1.5 አሥር ብቻ። የካሜራህን እውነተኛ ፍጥነት በራሱ ዓይን ታየዋለህ፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን እርሳው።

ያንን ጊዜ ማሳጠር ይቻላል፣ እኔ ከ2 ወደ 1.6 አውርጄዋለሁ። ትልቁ ሌባ ፎከሱ ነው። ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ወይም ወጥ በሆነ የስንዴ ማሳ ላይ ካሜራው የሚይዘው ነጥብ አጥቶ ወዲያ ወዲህ ይላል። ስለዚህ ፎከሱን ኢንፊኒቲ ላይ ቆልፈው። ፎቶውን በጥሬ ፋይል (RAW) ማስቀመጡን አጥፋ፣ ጄፔግ ይበቃል። ፎቶ ካነሳ በኋላ መልሶ የሚያሳይህን ነገር አጥፋ፣ ፍላሽ አጥፋ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ማስተካከያውንም አጥፋ፤ ድሮን ላይ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ፈጣን ካርድም ይረዳል፣ ግን ከፎከሱ ጋር አይወዳደርም።

ዋናው መፍትሔ ግን ካሜራው ላይ አይደለም፣ አበራረሩ ላይ ነው። መስመሮቹን ነፋሱን አቋራጭ አድርገህ ሥራቸው። ያኔ ሲሄድም ሲመለስም የመሬት ፍጥነቱ ይቀራረባል። አፍንጫው ወደ ነፋሱ ዘወር ብሎ ስለሚበር ፎቶዎቹ ትንሽ ጠመም ይላሉ፣ ስለዚህ የጎን መደራረቡን (ጎን ለጎን ያሉ መስመሮች ፎቶዎች የሚጋሩትን መሬት) ጨምርለት። ሁለተኛው፣ አርዱፓይለት (ፒክስሆኩ ላይ የሚሠራው የአብራሪ ሶፍትዌር) ውስጥ በሁለት ፎቶ መካከል ያለውን ትንሹን ጊዜ የሚወስን ቁጥር አለ። በቆዩት እትሞች «ካም ሚን ኢንተርቫል» ይባላል፣ በሚሊ ሰከንድ ነው የሚሰጠው፤ ከ4.4 ወዲህ ባሉት «ካም1 ኢንተርቫል ሚን» ሆኗል፣ በሰከንድ ነው የሚሰጠው። ካሜራህ 2 ሰከንድ ከፈለገ በቆየው 2000፣ በአዲሱ 2 አድርገው። ከዚያ ወዲህ አውቶፓይለቱ ቀድሞ የደረሰበትን ምልክት ካሜራው እስኪዘጋጅ አቆይቶ ይልካል። ፎቶ አይጨምርልህም፣ ግን የሎጉና የካርዱ ቁጥር እኩል ይሆናል፣ የትኛው ፎቶ የት እንደተነሳ አትጨነቅም። ይህችን ቁጥር ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስንት ቀን በተረፈኝ።

ሦስተኛው ሰዓት መምረጥ ነው። ጠዋት ውርጩ ከለቀቀ በኋላ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ድረስ ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ ደንብ አለኝ፤ አውድማ ላይ እህል መበተን ሲጀመር አሳርፋለሁ።

አሁን ወደ ኮረብታው። ካርታህ ለምን ከዚያ በኩል ብቻ ተበጣጠሰ? የኤስ100 ሴንሰር 7.44 በ5.58 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሌንሱ ዙም ሳይደረግ የትኩረት ርቀቱ 5.2 ሚሊ ሜትር። በ100 ሜትር ከፍታ አንድ ፎቶ 143 በ107 ሜትር መሬት ይሸፍናል፣ አንዱ ፒክስል 3.6 ሴንቲ ሜትር። አጭሩ ጎን በበረራው አቅጣጫ ከሆነ በየ25 ሜትሩ ስታነሳ 77 በመቶ ይደራረባል፣ ጥሩ ነው። አንድ ሲዘለል 50 ሜትር ይሆንና ወደ 53 ይወርዳል፤ ሜዳው ላይ ፎቶዎቹን ገጣጥሞ ካርታ የሚያወጣው ሶፍትዌር እንደምንም ይሰፋዋል። ኮረብታው ከመነሻህ 40 ሜትር ከፍ ካለ ግን ከላዩ የሚበረው በ60 ሜትር ነው። አንድ ፎቶ 64 ሜትር ብቻ ይሸፍናል፣ ከዘለለ መደራረቡ 22 በመቶ ነው። በ22 በመቶ ደግሞ የሚሰፋ ነገር የለም። ስለዚህ ሚሽን ፕላነር ላይ ከፍታውን ከመነሻው አንጻር ሳይሆን ከመሬቱ አንጻር አድርገው፣ ወይም ኮረብታውን ለብቻው ከላይኛው አፋፍ ተነስተህ አንሳው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሰሜን ሸዋ ገደሉ አይታመንም፣ የከፍታ መረጃው ገደል አፍ ላይ ሲሳሳት አይቻለሁና።

ስለ ድብዛዜ ምንም አላልክም፣ ግን ሹተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) እይ። በ22 ሜትር በሰከንድ እየበረረ በ1/250 ሰከንድ ካነሳ፣ ፎቶው እስኪያልቅ ድሮኑ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ሄዷል፣ ከሁለት ፒክስል በላይ። ከ1/1000 ሰከንድ እንዳይዘገይ አድርግ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) እስከ 400 ልቀቅለት።

ሌሎቹን ችግሮች በአጭሩ፣ እንዳትደናገር። ከፒክስሆክ የሚወጣው ምልክት 3.3 ቮልት ነው፣ ሲኤችዲኬ በዩኤስቢ የሚጠብቀው 5 ቮልት ነው፤ መካከል ላይ የሚያሳድግ ገመድ ከሌለህ አንዱን ይሰማል አንዱን አይሰማም፣ ግን ይህ በሁለቱም አቅጣጫ ነው የሚያጠፋው። ካሜራው በርቶ ምንም ካላነሳ የካርዱን የጎን ቁልፍ እይ። ሲኤችዲኬ በራሱ እንዲነሳ ቁልፉ «ተቆልፏል» ላይ መሆን አለበት፣ ሰው ሁሉ በተቃራኒው ነው የሚያስበው። የኔው ካርድ ቁልፉ አርጅቶ ሲያስገቡት ስለሚንሸራተት በፕላስተር አጣብቄዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ድሮኑ እስኪወጣ ካሜራው ተኝቶ ነው፤ ራሱን የሚያጠፋበትን ማውጫ ዝጋ። ጠዋት ባትሪው ቶሎ ካለቀ ብርዱ ነው፣ እስክትነሳ ድረስ ደረት ኪስህ ውስጥ ይቆይ።

ፈቃዱን እንደያዝክ እገምታለሁ። ባይኖርህ ይህን ሁሉ አትሞክረው። ፈቃድ ኖሮህም ቢሆን ከቀበሌውና ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር በቀደመው ቀን ሳትነጋገር አትነሳ። አሁን ያለንበትን ጊዜ ታውቀዋለህ፤ ሰማይ ላይ የሚጮህ ነገር ሲሰማ ሰው ልጁን ይዞ ነው የሚሮጠው። እኔ በዚያን ጊዜ ሕፃናት ተሰብስበው ያጨበጭቡልኝ ነበር።

አሁን በእጅህ ያሉትን 306 ፎቶዎች እንዳትጥላቸው። ነፋሱን እየገፋ የበረረባቸው መስመሮች ሙሉ ስለሆኑ ከሎጉ ጋር አንድ ለአንድ ይገጥማሉ። በእነሱ የካሜራው ሰዓት ከጂፒኤሱ ስንት ሰከንድ እንደሚለይ ታገኛለህ፣ ያንን ልዩነት ሚሽን ፕላነር ላይ አስገብተህ ሌሎቹን በሰዓት አስቀምጣቸው። ካሜራው ሰዓት የሚጽፈው በሙሉ ሰከንድ ስለሆነ በፈጣኖቹ መስመሮች ላይ እስከ 20 ሜትር ይስታል፣ መሬት ላይ ምልክት ያደረግክባቸው አምስት ስድስት ነጥቦች ካሉህ ግን ይስተካከላል። ኮረብታውን ብቻ ድገመው። በሚቀጥለው ጊዜ ከመነሳትህ በፊት ስልክህ ላይ ያለውን የጂፒኤስ ሰዓት በካሜራው አንድ ጊዜ አንሳው፣ ይህ ሁሉ ስሌት ይቀርልሃል።

ሎጉንና በየመስመሩ የቆጠርከውን ላክልኝ። መብራት ካልሄደ ዛሬ ማታ አየዋለሁ።