አሉሚኒየም ወይስ ፕላስቲክ? መጀመሪያ ኩላንቱ የት እንደገባ እንይ

አንድ ወጣት አንባቢ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጽፎልኛል። የ2000 ሞዴል ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ አለው፤ 4.6 ሊትር፣ ቪ8። «ጋሼ፣ ኢንቴክ ማኒፎልዱን ልቀይረው ነው። አሉሚኒየም ላድርግ ወይስ ፕላስቲክ? ጉልበት የሚጨምረው የቱ ነው?» ይላል። ማኒፎልዱ አየር ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ቧንቧ ነው። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ደግሞ እግረ መንገዱን ይህን ጣል አድርጓል። በሁለት ሳምንት አንድ ሊትር ያህል ኩላንት (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ) ይጎድላል፤ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። መኪናውን ሲያቆም ጣፋጭ ነገር ይሸተዋል። ጠዋት ሲያስነሳው ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ የኮምፒውተሩ የብልሽት ኮድም ፒ0304 ነው፤ አራተኛው ሲሊንደር በትክክል አይተኩስም ማለት ነው።

ወንድሜ፣ እኔን የያዘኝ ይሄ መጨረሻ ላይ ያልከው ነው። ማኒፎልድህ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ፊት ለፊት፣ ከዲናሞው ሥር ነው። መኪናህን ሳላየው ይህን ያህል አፌን ሞልቼ የምናገረው፣ እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የልጆቻችንን ታክሲዎች ለዓመታት ስለፈታሁ ነው። ታክሲዎቹ የፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ናቸው፤ ያንተው ዓይነት ሞተር ነው ያላቸው፤ የሚሰነጠቀውም እዚያው ቦታ ላይ ነው። ከ1996 እስከ 2001 የተሠሩት አብዛኞቹ ማኒፎልዶች ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ ናቸው። ከሁለቱ ቴስታታዎች (የሞተሩ የላይኛው ክዳኖች) የሚወጣው የጋለ ውሃ ወደ ቴርሞስታቱ (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋው) የሚሻገርበት ድልድይ ሳይቀር ፕላስቲክ ነው። የፕላስቲኩ ናይለን በሙቅ ኩላንት ውስጥ ዓመታት ሲቀቀል ይደክማል፤ ከዚያ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ፎርድ በኋላ ያንን ድልድይ ብቻ ወደ አሉሚኒየም ቀየረው።

ጠብታ መሬት ላይ ያላየኸው ውሃው ሞተሩ አናት ላይ ስለሚቀር ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ትንሽ ያዘነብላል። ውሃው በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መሃል ባለው ሸለቆ ወደ ኋላ ይሄድና አራተኛው ካንዴላ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። ጠዋት የሚያንቀጠቅጥህ እሱ ነው። ሲሞቅ ይተናል፤ አንተም ተሻለው ብለህ ትነዳለህ። የሞተር ዘይቱ ካልነጣ፣ ከማርሚታው ነጭ ጭስ ካልወጣ የቴስታታ ጋስኬት ነው ብለህ አትደንግጥ።

ግን አረጋግጥ። የራዲያተር መሞከሪያ ፓምፕ የመለዋወጫ ሱቆች በማስያዣ ያውሱሃል። ሞተሩ በርዶ እያለ ግፊቱን እስከ 15 ፒኤስአይ (በፓምፑ ላይ የሚነበበው የግፊት መለኪያ) ሙላና ግማሽ ሰዓት ተወው። ከዚያ በባትሪና በትንሽ መስታወት ከዲናሞው ኋላ እይ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ደረቅ ክምችት ካየህ አለቀ፤ እሱ ነው። ወደ ኋላ የሚሄዱትን የሂተር ቱቦዎችም በእጅህ ዳብሳቸው።

በርዶ እያለ ያልኩህን እንዳታልፈው። ሞተሩ ሳይበርድ የኩላንቱን ክዳን አትክፈት። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ጨርቅ ደርቦ ከፍቶት የክንዱ ቆዳ ከጨርቁ ጋር ተላጠ። ውስጡ ያለው ውሃ ከመቶ ዲግሪ በላይ ሆኖም የማይንተከተከው በግፊት ስለታፈነ ነው። ክዳኑን ባላላህበት ቅጽበት በአንዴ እንፋሎት ይሆናል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ስለ ሙቀት ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ትኩስ ሻይ በኒኬል ኩባያ ጠጥተህ ታውቃለህ? ከሻይው በፊት ከንፈርህን የሚያቃጥልህ ኩባያው ነው። አሉሚኒየም ማኒፎልድም እንዲሁ ነው። የሞተሩን ሙቀት ይስብና ለሚያልፈው አየር ያቀብላል። ፕላስቲኩ ያንን ሙቀት እምብዛም አያሳልፍም። ረጅም መንገድ ነድተህ ስታቆም የፕላስቲኩን ቧንቧ በእጅህ መያዝ ትችላለህ፤ አሉሚኒየሙን ግን አትችለውም። አየር በ10 ዲግሪ ሲሞቅ 3 ከመቶ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ጉልበትም ይቀንሳል።

ግን እዚህ ላይ ልብ በል። ሞተርህ በ6000 ዙር ሙሉ ጋዝ ሲረገጥ በሰከንድ 200 ሊትር ያህል አየር ይጎትታል። ማኒፎልዱ ውስጥ የሚይዘው ጥቂት ሊትር ነው። ስለዚህ አየሩ እዚያ ውስጥ የሚቆየው ከሰከንድ መቶኛ ጥቂቱን ነው። በጋለ ምጣድ ላይ እጅህን ፈጠን አድርገህ ብታሳልፍ አትቃጠልም አይደል? እንደዚያው ነው። አሉሚኒየሙ የሚጎዳህ ስትበር ሳይሆን ስትቆም ነው፤ ትራፊክ ውስጥ፣ መብራት ላይ፣ ወይም ድራግ መሮጫ ላይ ተራ ስትጠብቅ። አየሩ ቀስ እያለ ያልፋል፤ ብረቱ ደግሞ ይግላል። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ጋዙን ስትረግጥ የመጀመሪያዎቹን ሴኮንዶች የሞቀ አየር ይዘህ ነው የምትነሳው። ለመንገድ መኪና ፕላስቲኩ የሚበልጠው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ይቀላል፤ የቧንቧው ውስጡም ከአሸዋ ቅርጽ ከወጣ አሉሚኒየም ይልቅ የለሰለሰ ነው።

የ2001 ሙስታንግ ቡሊት አሉሚኒየም ማኒፎልድ ነበረው። ሌላም ሌላም ተቀይሮለት ፎርድ የጻፈለት 265 የፈረስ ጉልበት ነው። ተራው ጂቲ 260። ለ5 ፈረስ ብዙ ገንዘብ አታውጣ።

ችግሩ ፕላስቲክ መሆኑ አይደለም፤ በፕላስቲኩ ውስጥ ውሃ መሄዱ ነው። የሸቭሮሌት ኤልኤስ ሞተሮች ማኒፎልድም ፕላስቲክ ነው፤ ግን ኩላንት አይነካውም፤ በዚህ መንገድ አይሰነጠቅም። ስለዚህ ላንተ የምመክረው ቧንቧው ፕላስቲክ፣ የፊት የውሃ ድልድዩ አሉሚኒየም የሆነውን ነው። ናይትረስ (ጉልበት ለመጨመር ከአየሩ ጋር የሚረጭ ጋዝ) ወይም ከባድ ተርቦ ልትገጥም ካሰብክ ግን ሐሳቤ ይለወጣል። ሞተሩ ናይትረስ ይዞ ወደ ኋላ፣ ወደ ማኒፎልዱ ከተኮሰ ፕላስቲኩን ይበትነዋል። ያኔ አሉሚኒየም ያዝ።

ስትገዛ ለ1999 እና ከዚያ ወዲህ ላለው ቴስታታ የተሠራ ይሁን፤ የ96 እስከ 98ቱ የአየር መግቢያ ቅርጽ አይገጥምልህም። ስም የሌለውን ርካሽ ዕቃ ተው። አንዱ ደንበኛ እንዲህ ያለ አምጥቶልኝ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ብጭንበት በሥሩ ብርሃን አየሁ። ገጥሜ ብሰጠው በወሩ ተመልሶ ይመጣ ነበር።

ደግሞ «አንድ ጋራዥ ቴርሞስታት ቀይሮ ሲሊኮን ቀባልኝ፤ የሚያፈስ የሚደፍን ፈሳሽም ጨመረልኝ» ብለሃል። ይሄ ያናድደኛል። ቴርሞስታቱ ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) አለው፤ ሲሊኮን አይፈልግም። ያ ፈሳሽ ደግሞ ስንጥቁን ሳይደፍን የሂተሩን ራዲያተር ይደፍናል። ከመሥራትህ በፊት ሲስተሙን በደንብ እጠበው።

ስትፈታ የባትሪውን ኔጋቲቭ መጀመሪያ አውልቅ፤ የዲናሞው ገመድ ሁልጊዜ ኃይል አለው። የቤንዚኑን ግፊት አስተንፍስ። ካንዴላዎቹን ከማውጣትህ በፊት ጉድጓዶቹን በአየር ንፋ፤ አለዚያ ውሃና አሸዋው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ማኒፎልዱ ሲነሳ ቀዳዳዎቹን በንጹህ ጨርቅ ድፈን። የቴስታታውን ፊት በፕላስቲክ መፋቂያ ብቻ አጽዳ፤ የሚሽከረከር ብሩሽ ዱቄቱ ሞተር ይበላል። ሸለቆው ውስጥ ያለችውን የሂተር ብረት ቱቦ እያት፤ ከዛገች አሁኑኑ ቀይር፤ ካልዛገችም ኦሪንጓን ለውጥ። ዳግመኛ እዚያ ለመድረስ ሁሉንም መፍታት ነው።

ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር፣ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) እሰር። ቁጥሩን ከዕቃው ጋር ከሚመጣው ወረቀት ውሰድ። በክንድህ ስሜት ካጠበቅክ ፕላስቲኩን ልትሰነጥቀው ትችላለህ። ካንዴላዎቹንም በቶርክ አጥብቅ። የዚህ ቴስታታ የካንዴላ ጥርስ ጥቂት ነው፤ የላላ ካንዴላ ተተኩሶ ሲወጣ አይቻለሁ።

ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ሙላ። ሂተሩን ከፍተህ አሙቀው፤ ሙቅ አየር እስኪነፍስ ጠብቅ። ከዚያ አጥፍተህ አሳድረው። ደረጃውን የምታየውም ክዳኑን የምትከፍተውም ጠዋት፣ እጅህን ቱቦው ላይ አድርገህ ቅዝቃዜው ከተሰማህ በኋላ ነው። ሦስት ቀን ተከታትለህ እየውና የጎደለ ካለ ጻፍልኝ።